አሮጌ መኪና፣ አዲስ ጋዝ፦ የመኪና አየር ማቀዝቀዣ ከአር-12 ወደ አር-134ኤ የተሸጋገረበት ታሪክ

በኖቬምበር 1939 በቺካጎ በተከፈተው የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ የፓካርድ ኩባንያ ለ1940 ያዘጋጀውን መኪና ለሕዝብ ሲያሳይ፣ ከዚያ በፊት በፋብሪካ ደረጃ ለገበያ ቀርቦ የማያውቅ አንድ መሣሪያ በመኪናው ውስጥ ነበረ፤ ይኸውም አየር ማቀዝቀዣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሣሪያው ዛሬ ሲታሰብ ፈገግ ያሰኛል። ቅዝቃዜ የሚሰጠው ክፍል የተቀመጠው ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ስለነበር የዕቃ መጫኛውን ሥፍራ አብዛኛውን ይዞት ነበር። ኮምፕረሰሩ ፍሪሲዮን ስላልነበረው ሞተሩ እስከ ዞረ ድረስ አብሮ ይዞራል፤ ብርድ ሲመጣ ባለመኪናው ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን በእጁ ማውለቅ ነበረበት። ዋጋው 274 ዶላር ነበር፤ ይህም በዚያን ዘመን ለአንድ ተጨማሪ ዕቃ የሚከፈል ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ካዲላክም በ1941 በጥቂት መኪናዎች ላይ ተመሳሳይ መሣሪያ ገጥሞ ነበር፤ ነገር ግን ጦርነቱ መጣና የሁለቱም ሙከራ ተቋረጠ።

የፓካርድ መሐንዲሶች ሰው በተቀመጠበት በተዘጋ ክፍል ውስጥ የማቀዝቀዣ ጋዝ ቱቦ ያለ ስጋት ሊዘረጉ የቻሉት ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ አር-12 የተባለው ጋዝ ለዓለም በመታወቁ ነው። ከእርሱ በፊት ለማቀዝቀዣ የሚያገለግሉት ጋዞች አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድ ነበሩ። አሞኒያ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ትንፋሽ ያሳጣል፤ ሜቲል ክሎራይድ ደግሞ ሽታው ደካማ በመሆኑ ከቤት ማቀዝቀዣ ሾልኮ ሲወጣ የተኙ ሰዎችን የሚገድል መርዝ ነበር። የጄኔራል ሞተርስ የምርምር ኃላፊ ቻርልስ ኬተሪንግ በ1928 ለቶማስ ሚጅሊ የሰጠው ሥራ ግልጽ ነበር፦ የማይመርዝ፣ የማይቀጣጠልና በተፈላጊው ሙቀት የሚፈላ ፈሳሽ ፈልጎ ማግኘት። ሚጅሊ ቀደም ሲል በቤንዚን ውስጥ የሚጨመረውን የእርሳስ ውሁድ ያገኘው ሰው ነው።

ሚጅሊ ከአልበርት ሄንና ከሮበርት ማክናሪ ጋር ሆኖ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ሲመረምር፣ ተስፋ የሚሰጠው ንጥረ ነገር ፍሎሪን መሆኑን ደረሰበት። ፍሎሪን ብቻውን ኃይለኛ መርዝ ስለሆነ ሐሳቡ ለብዙዎች እንግዳ ነበር። ከሙከራው ታሪክ ውስጥ ግን ሚጅሊ ራሱ በኋላ የተረከው አንድ ነገር በተለይ ሊታወስ ይገባዋል። ለመጀመሪያው ውህደት የሚያስፈልገው አንቲሞኒ ትሪፍሎራይድ በአምስት ትናንሽ ጠርሙሶች ተገዛ። ከአንደኛው ጠርሙስ የተሠራው ጋዝ በጊኒ ፒግ ላይ ሲሞከር እንስሳይቱ ምንም አልሆነችም፤ ከሁለተኛው ጠርሙስ በተሠራው ግን ሞተች። ቢመረመር ገዳዩ ጋዝ አዲሱ ውሁድ ሳይሆን ከጠርሙሱ ውስጥ ቆሻሻ የተፈጠረ ፎስጂን ነበር፤ ከአምስቱ ጠርሙሶች ንጹሑ አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያ የተነሣው ከአራቱ አንዱ ቢሆን ኖሮ ሥራው ያን ዕለት ተጥሎ ይቀር እንደነበር ሚጅሊ ተናግሯል። በኤፕሪል 1930 በአትላንታ በተደረገው የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሚጅሊ ጋዙን ወደ ሳንባው ስቦ በትንፋሹ ሻማ አጠፋ። አለመመረዙንና አለመቀጣጠሉን በአንድ ትንፋሽ ማሳየቱ ነበር። በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስና ዱፖንት በጋራ ባቋቋሙት ኩባንያ አማካይነት ጋዙ ፍሪዮን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ።

ከጦርነቱ በኋላ የመኪና ማቀዝቀዣ እንደገና የታየው በ1953 ሲሆን፣ ክራይስለር በኢምፔሪያል፣ ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በካዲላክ፣ በቢዩክና በኦልድስሞቢል ላይ አወጡት። በ1954 ናሽ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን አንድ ላይ አዋሕዶ ከኮፈኑና ከክሩስኮቱ ሥር አስገባው፤ ዛሬም ድረስ የመኪና ማቀዝቀዣ የሚይዘው አቀማመጥ በመሠረቱ የዚያ ነው። በ1962 ጄኔራል ሞተርስ ኤ-6 የተባለውን ስድስት ሲሊንደር ያለውን ኮምፕረሰር አወጣ። ወደ 16 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ይህ ከባድ ማሽን ከሃያ ዓመት በላይ አገልግሏል። በ1964 ካዲላክ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ ጨመረ። በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ላይ በአሜሪካ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪናዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማቀዝቀዣ ያላቸው ነበሩ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድም መሐንዲስ ጋዙን ጥያቄ ውስጥ አላስገባውም፤ ጋዙ እንደ አየርና እንደ ውኃ የተሰጠ ነገር ሆኖ ተቆጠረ። የሚቀባው ዘይት ከአር-12 ጋር በሚገባ የሚዋሐድ የማዕድን ዘይት ሆነ። የመጋጠሚያዎቹ ጎሚኒ አር-12 ከማያሳብጠው ጥቁር ናይትራይል ጎማ ተሠራ። የኮንደንሰሩ ስፋት፣ የማስፋፊያ ቫልቩ ቀዳዳ፣ እርጥበት የሚመጥጠው የማድረቂያ ፍሬ፣ ሁሉም በአር-12 ልክ ተቆረጡ። ጋዙ በውስጡ የያዘው ክሎሪን እንኳ ሥራ ነበረው፤ በሚፋተጉት ብረቶች ገጽ ላይ ስስ የክሎራይድ ሽፋን እየፈጠረ ዘይቱን ያግዘው ነበር። እንግዲህ በ1990ዎቹ ጋዙ ሲወጣ አብሮት የወጣው አንድ ፈሳሽ ብቻ አልነበረም። ማሽኑ የተሰፋበት ልክ ነው የወጣው። የአሮጌ መኪና ጋዝ ልወጣ ታሪክም ይህን ዘግይተው የተረዱ ሰዎች ታሪክ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

አደጋው የተደበቀው በጋዙ በጎ ጠባይ ውስጥ ነበር። ምንም ነገር የማይነካው ጋዝ ወደ አየር ሲለቀቅም ምንም ነገር አያፈርሰውም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጄምስ ላቭሎክ በሠራው እጅግ ስሜታዊ መለኪያ የዚሁ ቤተሰብ የሆነ ሌላ ጋዝ ከእንግሊዝ እስከ አንታርክቲክ ባለው የባሕር አየር ውስጥ ሁሉ ተሰራጭቶ አገኘው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ ቀጣዩን ጥያቄ ጠየቁ፦ ይህ ሁሉ ጋዝ መጨረሻው የት ነው? በጁን 1974 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት መልስ፣ ጋዙ ቀስ እያለ ወደ ስትራቶስፌር ወጥቶ በአልትራቫዮሌት ጨረር እንደሚሰበርና ነጻ የወጣው ክሎሪን ኦዞንን እየደጋገመ እንደሚያፈርስ የሚያመለክት ነበር። አሜሪካ በ1978 ጋዞቹ በሚረጩ ቆርቆሮዎች ውስጥ እንዳይገቡ አገደች። መኪናው ግን አልተነካም፤ ጎማ ቱቦውና የኮምፕረሰሩ ዘንግ ማሸጊያ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ያፈሱ ነበር፤ መካኒኩም ለጥገና ሲከፍተው የቀረውን በሙሉ ወደ አየር ይለቀው ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን ማድረግ ነውር አልነበረም፤ የአሠራሩ አንዱ ክፍል ነበር።

በሜይ 1985 ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን የተባሉ የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች በአንታርክቲክ ላይ የኦዞኑ መጠን በየጸደዩ ምን ያህል እንደሚወድቅ አሳወቁ። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1987 የሞንትሪያል ውል ተፈረመ፤ በ1990 በለንደን፣ በ1992 በኮፐንሃገን እየጠበቀ ሄደ፤ በበለጸጉት አገሮች የአር-12 ምርት ከ1995 መጨረሻ በኋላ እንዲቆም ተደረገ። በዚያው በ1995 ሞሊናና ሮውላንድ ከፓውል ክሩትዘን ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ተተኪው ጋዝ አር-134ኤ ክሎሪን የሌለው በመሆኑ ኦዞንን አይነካም። ከተመለከቱት መለኪያዎች በአብዛኛው ለአር-12 የቀረበ ነው፤ አር-12 በ29.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ሲፈላ፣ አር-134ኤ በ26.1 ከዜሮ በታች ይፈላል። በ1987 መጨረሻ አምራቾች በኅብረት የመርዛማነት ምርመራውን ጀመሩ፤ ከ1992 እስከ 1994 በወጡት ሞዴሎችም መኪና አምራቾች ደረጃ በደረጃ ወደ አዲሱ ጋዝ ተሻገሩ። ለአዲስ መኪና ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ፤ ማሽኑ እንደገና በአዲሱ ልክ ተሰፋለትና። የቀረው ጥያቄ በአሜሪካ መንገዶች ላይ በአር-12 የሚሠሩት በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎች ጉዳይ ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል ባለቤቶቻቸው እንደ ቅርስ የሚጠብቋቸው የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ መኪናዎች ነበሩ።

የቁጥሩን ነገር ቀረብ ብሎ ለሚያይ ችግሩ ወዲያው ይታያል። ኢቫፖሬተሩ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሲሆን አር-12 ወደ 309 ኪሎ ፓስካል፣ አር-134ኤ ወደ 293 ኪሎ ፓስካል ፍጹም ግፊት አለው። በኮንደንሰሩ በኩል በ60 ዲግሪ ሲታይ ደግሞ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ የአር-12 ወደ 1,526፣ የአር-134ኤ ወደ 1,682 ነው። አዲሱ ጋዝ በቀዝቃዛው በኩል ዝቅ፣ በሞቃቱ በኩል ከፍ ይላል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በ17 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለሆነም ኮምፕረሰሩ የሚሸከመው የግፊት ንጽጽር በአር-12 ከአምስት ትንሽ ያነሰ የነበረው በአር-134ኤ ወደ 5.7 ይወጣል። በመንገድ ላይ ነፋስ ኮንደንሰሩን ሲመታው ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። ነገር ግን መኪናው በቀትር ፀሐይ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ሲቆም የኮንደንሰሩ ሙቀት ሽቅብ ይወጣል፤ ግፊቱም አብሮ ይወጣል፤ በ1960ዎቹ የተሠራው ክብ ቱቦና ስስ ቆርቆሮ ያለው ኮንደንሰርም ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል። ጋዙን ቀይረው ሌላውን እንዳለ የተዉ ባለመኪናዎች ያሰሙት የነበረው ቅሬታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፦ ሲሄዱ ይቀዘቅዛል፣ ሲቆሙ ለብ ይላል። መድኃኒቱ ጋዝ መጨመር ይመስላቸው ነበር፤ የሚጨመረው ጋዝ ግን ግፊቱን ከማባባስ በቀር አይረዳም። መድኃኒቱ የሚገኘው ጠፍጣፋ ቱቦዎች ጎን ለጎን የተደረደሩበትን አዲስ ዓይነት ኮንደንሰር በመትከልና የራዲያተሩን ማራገቢያ በማጠናከር ነው።

ከሁሉ የከበደው የዘይቱ ጉዳይ ነበር። ኮምፕረሰሩ ለብቻው የሚቀባ ማሽን አይደለም፤ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ተዋሕዶ መላውን ወረዳ ዞሮ ካልተመለሰ ኮምፕረሰሩ ደርቆ ይነክሳል። አር-134ኤ የማዕድን ዘይትን አያሟሟም፤ ስለዚህ አሮጌው ዘይት በኢቫፖሬተሩ ሥር ተኝቶ ይቀራል። የአዲስ መኪና አምራቾች የመረጡት ፓግ የሚባለውን ዘይት ነው። ይህ ዘይት እርጥበት ከአየር ላይ በኃይል ይስባል፤ ክሎሪንም ይጎዳዋል። አሮጌ ማሽን ግን ለሠላሳ ዓመት በክሎሪን ሲታጠብ የኖረ ነው። በዚህ ምክንያት ለልወጣ ሥራ ብዙ ባለሙያዎች ያዘነበሉት ወደ ኤስተር ዘይት ሲሆን፣ እርሱ የቀረውን ጥቂት የማዕድን ዘይትና ክሎሪን የተሻለ ይታገሣል። ይሁን እንጂ ትዕግሥቱ መጠን አለው፤ ኮምፕረሰሩን አውርዶ የድሮውን ዘይት ገልብጦ ማፍሰስ፣ ኮንደንሰሩንና ኢቫፖሬተሩን ማጠብ የሥራው ዋና ክፍል ነው። በዚህ ረገድ አሮጌው ከባድ ኤ-6 ከብዙ አዳዲስ ኮምፕረሰሮች ይልቅ ለውጡን በትዕግሥት ተቀብሏል፤ የራሱ የዘይት ገንዳና የዘይት ፓምፕ ያለው በመሆኑ ነው።

በጎማ ቱቦዎቹ ላይ የተገኘው ውጤት ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር። የአር-134ኤ ሞለኪውል ከአር-12 ያነሰ ስለሆነ በአሮጌው ጎማ ውስጥ ሾልኮ እንደሚያልቅ፣ በመሆኑም ቱቦው ሁሉ ውስጡ በናይለን በተለበጠ ቱቦ መለወጥ እንዳለበት በሰፊው ይታመን ነበር። ሙከራ ሲደረግ ግን ለዓመታት የማዕድን ዘይት የጠጣ ጎማ ራሱ ዘይቱ ግድግዳ ሆኖለት ጋዙን በአጥጋቢ ሁኔታ እንደሚይዝ ታየ። ዘይት ቀምሶ የማያውቅ አዲስ ነገር ግን የአሮጌ ዓይነት ቱቦ ያፈሳል፤ ያገለገለውና ያልተሰነጠቀው ይይዛል። የወረቀት ስሌት ብቻውን ይህን ሊነግር አይችልም ነበር። ጎሚኒዎቹን በተመለከተ ግን የተከፈተ መጋጠሚያ ሁሉ አዲስ፣ ለሁለቱም ጋዞች የሚስማማ ጎሚኒ እንዲገባለት የሚታዘዘው በትክክል ነው፤ ዋጋው ሳንቲም፣ ጉዳቱ ብዙ ስለሆነ። የማድረቂያው ጠርሙስም እንዲሁ መለወጥ አለበት፤ የቀድሞው ማድረቂያ ፍሬ አዲሱን ጋዝ አይችለውም።

በጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ላይ ልዩ ትኩረት የሚያሻው ሌላ ዕቃ አለ፤ ይኸውም በ1960ዎቹ አጋማሽ የወጣውና ፒ.ኦ.ኤ. የሚባለው ቫልቭ ነው። ሥራው ኮምፕረሰሩ ሳይቆም የኢቫፖሬተሩ ግፊት ከተወሰነ ልክ በታች እንዳይወርድና በላዩ የሚንጠባጠበው ውኃ በረዶ እንዳይሆን መጠበቅ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ቫልቭ ግፊቱን ከውጭው አየር ጋር ያነጻጽር ስለነበር መኪናው ተራራ ሲወጣ ልኩ ይዛባል። አዲሱ ቫልቭ በውስጡ አየር የወጣለት የታሸገ እጥፋት ስላለው ባሕር ዳርቻም ሆነ ተራራ ላይ ልኩ አይለወጥም። ይህ ልክ የተቀመጠው ለአር-12 ነው፤ በባሕር ወለል ሲነበብ ከ28 እስከ 30 ፓውንድ በካሬ ኢንች ገደማ። በዚያው ግፊት አር-134ኤ የሚፈላው ከአንድ ዲግሪ በላይ ሞቆ ስለሆነ፣ ቫልቩ ተፈትሾ ልኩ በሁለት ሦስት ፓውንድ ዝቅ ካልተደረገ መኪናው ሊሰጥ የሚችለውን ቅዝቃዜ አይሰጥም። ብዙ ጋራዦች ይህን ትንሽ ነገር ዘለው ጥፋቱን በጋዙ ላይ አሳበዋል።

የከፍታ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከ2,300 ሜትር በላይ በሚገኝ ከተማ የሚሠራ ባለሙያ የአሜሪካን የጥገና መጽሐፍ ሲያነብ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። መጽሐፉ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት የቫኩም ጌጁ 29 ኢንች እስኪያሳይ አየሩ እንዲወጣ ያዛል። ይህ የባሕር ወለል ንባብ ነው። በአዲስ አበባ ጠቅላላው የአየር ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ብቻ ስለሆነ፣ እጅግ ጥሩው ፓምፕ እንኳ ከ22 ኢንች ተኩል ብዙም አያልፍም። ፓምፑ ደከመ ብሎ የሚጥለው ሰው ደህና ዕቃ ይጥላል። ዋናው ነገር በውስጥ የቀረው ፍጹም ግፊት ሲሆን፣ በ30 ዲግሪ ውኃ ፈልቶ እንዲወጣ ከ4 ኪሎ ፓስካል በታች መውረድ አለበት፤ ይህም በየትኛውም ከፍታ አንድ ነው።

የሚሞላው ጋዝ መጠን በግፊት መለኪያ ብቻ ሳይሆን በሚዛን መወሰን አለበት። የተለመደው ቀመር የአር-12ን ልክ በ0.9 አባዝቶ ከውጤቱ ሩብ ፓውንድ መቀነስ ነው። 4 ፓውንድ ይይዝ የነበረ ትልቅ የ1960ዎቹ መኪና በዚህ ስሌት 3.35 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 1.5 ኪሎ ግራም ይበቃዋል። በአር-12 ዘመን መካኒኩ የሚተማመንባት ትንሿ የመስተዋት መስኮት በአር-134ኤ ታስታለች፤ አረፋዋ እስኪጠፋ የሞላ ሰው ከልክ በላይ ሞልቷል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት በ1993 በአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ደንብ ሆኖ ወጥቷል። ነገር ግን ደንቡና ገበያው አብረው አልሄዱም። አሜሪካ በ1990 በእነዚህ ጋዞች ላይ በፓውንድ 1.37 ዶላር ታክስ ጣለች፤ ታክሱ በ1995 5.35 ዶላር ደረሰ። ቀድሞ በርካሽ ይገዛ የነበረው አር-12 ምርቱ ሲቆም ዋጋው በብዙ እጥፍ ጨመረ። በማያሚ ወደብና በሜክሲኮ ድንበር በኩል የሚገባ የኮንትሮባንድ ጋዝ የጉምሩክ ፖሊሶች ዋና ሥራ እስከ መሆን ደረሰ። በዚሁ ክፍተት ምንም ሳይለወጥ በቀጥታ የሚሞላ ነው እየተባለ ልዩ ልዩ ድብልቅ ጋዝ ይሸጥ ጀመር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ፕሮፔንና ቡታን የያዙ ነበሩ። በቴርሞዳይናሚክስ ረገድ ደህና ይሠራሉ፤ ያለ ዘይት ለውጥም ይዋሐዳሉ። ይሁን እንጂ ኢቫፖሬተሩ ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ የሚነፍስ በመሆኑ፣ ሲያፈስ የሚቀጣጠል ጋዝ ወደ ተሳፋሪዎች ይገባል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በአር-12 ምትክ በመኪና እንዳይገቡ የከለከላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሚጅሊ ከ1928 ጀምሮ የደከመው ይኸው እንዳይሆን አልነበረምን?

የባሰም ተከሠተ። በ2011 አር-134ኤ ነው ተብሎ የተሸጠ ሐሰተኛ ጋዝ የተሞሉ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሠራተኞች ሞቱ። በጋዙ ውስጥ የተገኘው ሜቲል ክሎራይድ ነበር፤ በ1920ዎቹ የተኙ ሰዎችን ይገድል የነበረው ያው መርዝ ነው። ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ አየር እንደነካው ራሱ የሚቀጣጠል ውሁድ ይፈጥራል። የመኪና ማቀዝቀዣ ደግሞ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ጋዝ ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ ሳይጠቀም ከማያውቀው ሲሊንደር የሚሞላ ጋራዥ የሚጫወተው በሰው ሕይወት ነው።

በአሮጌ መኪና ባለቤቶች መካከል ግን ክርክሩ ገና አልተዘጋም። አንዱ ወገን መኪናው ሲሠራ የነበረው ጋዝ እንዲቆይለት ይሻል፤ በአሜሪካ ከተቋረጡ ማሽኖች ተሰብስቦ የተጣራ አር-12 ፈቃድ ባለው ባለሙያ እጅ ዛሬም በሕግ ሊሞላ ይችላል። ሌላው ወገን አር-12 በመኪናው ውስጥ መኖሩን ራሱን እንደ ጥፋት ያየዋል። ሚዛኑ የሚደፋው ወዴት እንደሆነ አንድ ስሌት ያሳያል። አር-12 በአየር ውስጥ ወደ መቶ ዓመት የሚቆይ ሲሆን፣ ሙቀት በመያዝ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 10,900 ጊዜ ይበልጣል። ከአንድ ትልቅ መኪና የሚለቀቅ 1.8 ኪሎ ግራም በዚህ ስሌት ወደ ሃያ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ መኪናው በአራት ዓመት ገደማ ከጭስ ማውጫው የሚያወጣውን ያህል ነው። ስለዚህ ማሽኑ ታሽጎ የማያፈስ ከሆነ አር-12 በውስጡ እንዳለ መተዉ ጉዳት የለውም፤ ያለ ምክንያት ለልወጣ መክፈት ግን ጋዙን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ኮምፕረሰሩ ተሰብሮ ወይም ዘንጉ አፍስሶ መከፈቱ ካልቀረ፣ የቀረው ጋዝ በመሰብሰቢያ ማሽን ተወስዶ መለወጡ ይሻላል። ከሁለቱ ወገኖች ይልቅ የሚያስወቅሰው በየዓመቱ እያፈሰሰ በየዓመቱ የሚያስሞላው ሦስተኛው ነው።

ኢትዮጵያ የሞንትሪያልን ውል የተቀበለችው በ1994 ነው። በማደግ ላይ ላሉ አገሮች የተሰጠው የጊዜ ገደብ ረዘም ያለ በመሆኑ የአር-12 መጨረሻ በእነርሱ ዘንድ ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ሆኗል። በበለጸጉት አገሮች ዘንድ የተሠሩት ስሕተቶች ሁሉ ታትመው የሚነበቡ ስለነበሩ፣ አሥራ አራቱ ዓመታት ለመማር በቂ ጊዜ ነበሩ።

በዚህ መካከል ተተኪው ራሱ ተተኪ አስፈለገው። አር-134ኤ ኦዞንን ባይነካም ሙቀት በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 ጊዜ ይበልጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ባወጣው ደንብ መሠረት ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በሚሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ሁሉ ውስጥ ይህ ቁጥር ከ150 በላይ የሆነ ጋዝ እንዳይገባ ሆኗል፤ በኦክቶበር 2016 በኪጋሊ የተደረሰው ስምምነትም የዚህን ቤተሰብ ጋዞች ምርት በዓለም ደረጃ እንዲቀነስ አድርጓል። በቦታው የመጣው አር-1234ዋይኤፍ በአየር ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ዋጋው ውድ ሲሆን በመጠኑም ይቀጣጠላል። ሰባ ዓመት የሞላው መኪና በ1994 ከተለወጠለት አዲሱ ጋዙ እንደገና አሮጌ ሆኗል ማለት ነው። የ2022ቱ ዓለም አቀፍ ሳይንሳዊ ግምገማ በአንታርክቲክ ላይ ያለው ኦዞን በ1980 ወደነበረበት መጠን የሚመለሰው በ2066 አካባቢ እንደሆነ ገምቷል።

በደንብ የተለወጠ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት የአር-134ኤ መሙያ አፎች ከአሮጌዎቹ የተለየ ቅርጽ ይዘው ይታያሉ፤ የአር-12 ቱቦ በስሕተት እንዳይገባባቸው የተደረገ ነው። በአጠገባቸው ሰማያዊ ወረቀት ተለጥፏል። በላዩ የጋዙ ስም፣ የመጠኑ ልክ፣ የዘይቱ ዓይነትና ብዛት፣ ሥራው የተሠራበት ቀንና የሠራው ጋራዥ ስም ይጻፋል። ከዓመታት በኋላ ማሽኑን የሚከፍተው መካኒክ በውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።